የአባታችሁን ጺም መላጫ ለልጅ ልጅ ለማቆየት

መስከረም በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። ክረምቱ ሲወጣ ሰው ሻንጣውንና ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ልብስ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ከሻንጣው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይወጣል። የአባት ጺም መላጫ ነው፣ ወይም የአያት። ሲፈታ ዝጓል፣ አረንጓዴ አውጥቷል፣ ነጭ ነገር ጋግሮበታል። ከዚያ ስልኬ ይጠራል። «ምን ላድርገው? በምን ልጠበው? ለልጄ ልሰጠው ነበር።»

እኔ እዚህ ጅማ አሮጌ ዕቃ እጠግናለሁ። ሰዓት፣ ፋኖስ፣ ሬዲዮ ይመጣልኛል። መላጫም እየበዛ ነው። መልሱን ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግም በቅደም ተከተል ልጻፈው ብያለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሥራችን ማጽዳት ነው፣ ማሳመር አይደለም። ማጽዳት ማለት ዕቃውን የሚበላውን ቆሻሻና እርጥበት ማስወገድ ነው። ማሳመር ሲጀመር የሰውየው እጅ የተወው ምልክትም አብሮ ይጠፋል።

ይህን የተማርኩት በራሴ አባት መላጫ ነው። አባቴ ባረፈ በዓመቱ መላጫውን አወጣሁና በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። አብረቀረቀ። እጀታው ላይ ግን አውራ ጣቱ ለዓመታት ያረፈበት ቦታ ነበር። የምስር ፍሬ ታህላለች። እዚያ ጋ ኒኬሉ ሳስቶ ቢጫው ነሐስ ብቅ ብሎ ነበር። ከፈተግሁት በኋላ ዙሪያው ሁሉ ቢጫ ሆነ። ጣቱ የት ጋ ያርፍ እንደነበር ዛሬ ለልጆቼ ማሳየት አልችልም። ሌላ ሰው ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

ሁሉም ጅማ ውስጥ ይገኛል። አብዛኛው ቤታችሁ አለ።

- ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና
- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፤ ያገለገለ ቢሆን ይመረጣል
- ስቴኪኒ
- ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፤ ያረጀ ነጭ ካናቴራ በጣም ይመቻል
- የልብስ ስፌት መኪና ዘይት
- ሽታ የሌለው ቫዝሊን
- የጠርሙስ ቡሽ
- ትንሽ ማግኔት፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይሆናል
- ወፍራም ጓንት፣ ፕላስተር፣ ክዳን ያለው ጣሳ
- ግማሽ ሜትር አቡጀዲ
- ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት፣ ሁለት ወይም ሦስት
- እርሳስ፣ ወረቀት፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

ሎሚ፣ አቼቶ፣ በረኪና፣ አመድ፣ የዕቃ መፈተጊያ ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንሱ። አጠገባችሁ ካሉ እጃችሁ ይሄድባቸዋል። ምክንያቱን ታች እነግራችኋለሁ።

ሳትጀምሩ ይህን አንብቡ

አሮጌ ምላጭ ቢደነዝዝም ይቆርጣል። ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ። ከቆረጣችሁ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና ሳሙና ታጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልጋችሁ ጠይቁ። በሽታውን የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ አይደለም። አቧራና አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ላይ ደግሞ አቧራ አይጠፋም።

ሌላው ደም ነው። መላጫ ደም ይነካል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን መቆየት ይችላል። ስለዚህ ሰውየው በቅርቡ ሲጠቀምበት የነበረ መላጫ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት። ለዓመታት ሻንጣ ውስጥ የቆየ ቢሆንም ምላጩን ለመላጨት አትሞክሩት።

1. ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ቤተሰቡንም ጠይቁ

መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ብረት ላይ ያንጸባርቅና ዝርዝሩን ያጠፋዋል። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የእጀታውን ጫፍ፣ የክዳኑን ውስጥ አንሱ። አጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ። የተነሳ ቆሻሻ ተመልሶ አይመጣም። በኋላ «ይሄ ጭረት ድሮ ነበረ ወይስ እኔ ነኝ?» ስትሉ የሚመልስላችሁ ፎቶው ብቻ ነው።

መጠየቁ ደግሞ ከፎቶው ይበልጣል። አንድ ወጣት የአባቱን መላጫ ይዞልኝ መጣ። ክዳኑ ሥር የደረቀ ሳሙና ነበር። ሳሙናው ውስጥ ሦስት አራት ሽበት ይታያል። ውሃ ላቀርብ ስል «ቆይማ፣ እማዬን ልጠይቃት» አለኝ። ደወለላቸው። «እንዳትነካው፣ እሱ እንደተወው ይቀመጥ» አሉ። ሳሙና እርጥበት እንደሚስብ፣ እንዳለ ከተተወ ብረቱን እንደሚበላው በስልክ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ቆዩ። በኋላ «እንግዲያው ሳይታጠብ ለብቻው አውጣልኝ» አሉኝ። ሳሙናውን ከነሽበቱ በስቴኪኒ ፈንቅዬ በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልኩት። መላጫውን ከዚያ በኋላ አጠብነው። ወረቀቱ አሁን ከመላጫው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ሳይጠየቅ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ያቺን ወረቀት ማንም አይመልስላቸውም ነበር። እናት፣ አክስት፣ ታላቅ ወንድም ካለ አንድ ስልክ ደውሉ።

2. ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

እዚህ የሚመጡልኝ ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው እጀታው ሲፈታ ሦስት ቦታ የሚለያይ ነው። ክዳን፣ ምላጩ የሚያርፍበት ሳህንና እጀታ። ሁለተኛው አይለያይም፤ የእጀታው ጫፍ ሲዞር ክዳኑ እንደ ሁለት ተካፋች በር ግራና ቀኝ ይከፈታል። ሦስተኛው የድሮ ፀጉር አስተካካዮች የሚይዙት ታጣፊ ምላጭ ነው፤ ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ማግኔት አስጠጉበት። ጠንክሮ ከያዘው ብረት ነው፤ ይዝጋል። ምንም ካልያዘው ወይም እምብዛም ካልሳበው ኒኬል የተለበጠ ነሐስ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። ስስ የኒኬል ልባጥ ማግኔትን ትንሽ ስለሚስብ በዚያ አትደናገሩ። ነሐስ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ የሚያወጣው አረንጓዴ ነው። በጣም ቀላል ከሆነና ነጣ ካለ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ልባጡ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ከሥሩ ግራጫና ፍርክስክስ የሚል ነገር ከታየ የዚንክ ቅይጥ ነው። የዚንክ ቅይጥ ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል። ልባጡ በተከፈተበት በኩል ውሃ ከገባ ከውስጥ ይፈረፈራል።

ዕድሜውን ማወቅ ለምትፈልጉ፣ አሜሪካ የተሠራ ጂሌት ከሆነ ክዳኑ ሥር አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ፈልጉ። ኤ 1955፣ ቢ 1956፣ ሲ 1957፣ ዲ 1958፣ ኢ 1959 ነው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 4 ሲሆን የዓመቱን ሩብ ያሳያል። ይህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ 1955 ማለት በእኛ 1947 ወይም 1948 ዓ.ም. ነው። ፊደሉን ካገኛችሁት ፎቶ አንሱት፤ ደረጃ 8 ላይ ትጽፉታላችሁ።

3. ውስጡ ያለውን ምላጭ አውጡ

ምላጩ ውስጡ ቀርቶ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሚያስቸግራችሁ እሱ ነው። ይዝግና ከሳህኑ ጋር ይጣበቃል። በጉልበት አትፍቱት፤ የእጀታው ብሎን ጥርስ ከተላጨ መላጫው ዳግም አይገጥምም። በብሎኑ ሥር ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉና ሌሊቱን ይደር። በማግሥቱ እጀታውን በጨርቅ ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩ። እምቢ ካለ እንደገና ዘይት፣ እንደገና አንድ ሌሊት። እኔ ስድስት ቀን የጠበቅኩት አለ። ፒንሳ አይነሳም። የፒንሳ ጥርስ እጀታው ላይ የሚተወው ጠባሳ አይሽርም።

የወጣውን ምላጭ በፕላስተር ጠቅልላችሁ ጣሳው ውስጥ ጨምሩ፣ ክዳኑንም በፕላስተር እሸጉት። ቆሻሻችንን ከየደጃፉ የሚሰበስቡት ልጆች ፌስታሉን በእጃቸው ነው የሚያነሱት። ልቅ ምላጭ ፌስታል ውስጥ መጣል የእነሱን እጅ መቁረጥ ነው።

«አባቴ የመጨረሻ የተላጨበት ምላጭ ነው፣ አልጥለውም» የሚል ሰው አለ። ይገባኛል። እንዲያ ከሆነ ደረቅ አድርጋችሁ ዘይት ቀቡት፣ በወረቀት ጠቅልሉት፣ ትንሽ ጣሳ ውስጥ አሽጋችሁ ላዩ ላይ «ስለት አለው» ብላችሁ ጻፉ። መላጫው ውስጥ ግን አትመልሱት። የምላጩ ዝገት መላጫውንም ይበላዋል፤ ሳጥኑን የሚከፍተው ሕፃንም ሊሆን ይችላል።

4. እጠቡ

ይህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ነው። ታጣፊ ምላጭ ያላችሁ ወደ ደረጃ 5 እለፉ።

ለብ ያለ ውሃ አንድ ሳህን። እጃችሁን ስትነክሩ ሊመቻችሁ ይገባል፤ ወደ 40 ዲግሪ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ላርጎ ጨምሩ። መላጫውን 20 ደቂቃ ንከሩት። ነጩ ግግር የሳሙናና የውሃው ካልሲየም ቅልቅል ነው፤ በደረቁ ከተፋቀ ኒኬሉን ይዞ ይነሳል። በላርጎ ሲርስ ግን በራሱ ይላላል። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ። ወርቃማ ቀለም ያላቸው መላጫዎች ላያቸው ላይ ቫርኒሽ ስላላቸው ሙቀት ያነሳዋል፤ የፕላስቲክ እጀታም ይጣመማል።

ከነከራችሁ በኋላ በጥርስ ብሩሹ ቀስ ብላችሁ አሹ። እጀታው ላይ የተቀረጹ መስመሮች ካሉ ብሩሹን በእነሱ አቅጣጫ እንጂ እያቋረጣችሁ አትሂዱ። የቀረውን አረንጓዴ ነገር በእርጥብ ስቴኪኒ ጫፍ ፈልቅቁ። ስቴኪኒ የመረጥነው እንጨት ከኒኬል ስለሚለሰልስ ነው። መርፌ ወይም ቢላ ግን ይጭራል። ስቴኪኒው ቶሎ ይደነዝዛል፤ ለአንድ መላጫ አሥር ቢያልቅ አይግረማችሁ።

አንዴ ካልለቀቀ ውሃውን ቀይራችሁ ድገሙት። አራት ጊዜ መንከር አንድ ጊዜ ከመፈተግ ይሻላል። ሦስተኛው ላይ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ካለ ተዉት። ያ ቆሻሻ አይደለም፤ ልባጡ እዚያ ጋ አልቋል። የጣት ቦታ ሊሆንም ይችላል።

እንደ በር ለሚከፈተው ዓይነት፣ በሮቹን ውሃ ውስጥ እንዳሉ አሥር ጊዜ ያህል ክፈቱ፣ ዝጉ። ሳሙናው በውስጡ ዘንግ ዙሪያ ይደርቃል፤ ብሩሽ አይደርስበትም። ሲከፈትና ሲዘጋ ግን ውሃው ራሱ ገብቶ ይወጣል።

በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ሳሙና ከቀረ እርጥበት ስቦ ይቆያል።

5. ታጣፊ ምላጭ ከሆነ

ይህን ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ስለቱ በቀላሉ የሚዝግ ብረት ነው። ውሃ ማጠፊያው ችንካር ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ እዚያው ተደብቆ ከውስጥ ይዝጋል።

መጀመሪያ እጀታውን እዩ። ቀንድ፣ አጥንት፣ እንጨት፣ ወይም የድሮ ፕላስቲክ ይሆናል። ከድሮዎቹ አንዱ ሴሉሎይድ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ አሲድ ያለው ትነት ያወጣል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ምላጩ በእጀታው የሚሸፈንበት ክፍል ብቻ በዝገት ተበልቶ ውጭው ደህና ይሆናል። እጀታው ደግሞ ይሰነጣጠቃል፣ አንዳንዴ ሹል ሽታ ይኖረዋል። እንዲህ ያለ ከገጠማችሁ አጥፋችሁ አታስቀምጡት። ከሌሎች ዕቃዎች ለይታችሁ አየር በሚያገኝበት ቦታ አኑሩት። ሴሉሎይድ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ከሻማና ከምድጃ ይራቅ።

አሁን ምላጩን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ዘርግታችሁ አስተኙት። በእጅ አንጠልጥላችሁ አትሥሩ። ዝገቱ ላይ ዘይት ጠብ አድርጉና አንድ ቀን ይቆይ። ከዚያ የጠርሙስ ቡሹን ዘይት ነክራችሁ ከጀርባው ወደ ስለቱ አሹ። ሁልጊዜ ከጀርባ ወደ ስለት። ወደ ኋላ ስትመልሱ ቡሹን አንሱት። እንዲህ ከሆነ ስለቱ ቡሹን አይበላውም፣ እጃችሁም ስለቱን አይገጥምም።

ቀዩ ዱቄት የሚመስለው ዝገት ይለቃል። ጥቁሩና ጎድጉዶ የገባው አይለቅም፤ መልቀቅም የለበትም። እሱን ለማጥፋት ብረቱን መፋቅ ያስፈልጋል። የፋብሪካው ማኅተም ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው እጀታው አጠገብ ነው፤ ሲፋቅ አብሮ ይሄዳል። ዘይት ከተቀባ ጥቁሩ ባለበት ይቆማል።

ለማስቀመጥ ብላችሁ ስለቱን አታሳሉት። ቢላ የሚስል ሰው ጋ ወስደው ያሳሉ ሰዎች አይቻለሁ። የቢላ ድንጋይ ለዚህ ስለት ሻካራ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላል። ለማስታወሻ የሚቀመጥ ምላጭ ስለት አያስፈልገውም።

6. አድርቁና ቀቡ

ከልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሌላ የምትፈልጉት ጊዜ ነው። በካናቴራው ጠርጉት፣ ከዚያ በጨርቅ ላይ ተበታትኖ ለአንድ ሙሉ ቀን ይደር። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ቀንድና ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ይበቃል።

ሲደርቅ ነሐሱን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ወልውሉት። ብሎኑ ጥርስ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት። ብረት ያለበትን ሁሉ ግን ስስ ቫዝሊን ቀቡት። በጣት ወፍራም አድርጋችሁ አትለቅልቁት። ጨርቁ ላይ ትንሽ አድርጋችሁ ብረቱ ላይ እንደ ጭጋግ ይለፍ። ወፍራም ሲሆን አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ደግሞ እርጥበት ይይዛል።

የምግብ ዘይት ለምን አይሆንም ትላላችሁ። የኑግም ሆነ የሱፍ ዘይት አየር ሲያገኝ ይሸታል፣ ከዚያ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ቅቤም ይሸታል። የስፌት መኪና ዘይትና ቫዝሊን ከነዳጅ የሚወጡ ናቸውና አይበላሹም።

ቀንድ እጀታም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በወር አንድ ቀን ጣታችሁን ቫዝሊን አስነክታችሁ ብትዳብሱት ይበቃዋል።

7. ማስቀመጫውን አዘጋጁ

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ሌላ አገር ለሃያ ዓመት ደህና የሚቆይ ብረት እዚህ በሁለት ክረምት ይዝጋል። ስለዚህ ማስቀመጫው ከማጽዳቱ እኩል ዋጋ አለው።

ጥሩው ሳጥን የዋንዛ ነው። እዚህ ከተማ በርጩማና ሳጥን የሚሠሩ እጀ ወርቅ አናጢዎች አሉን። አንዱን ጠይቁት፤ የምትፈልጉት የእጅ መዳፍ የምታህል ክዳን ያላት ሳጥን ናት። እንጨቱ ደርቆ የከረመ መሆኑን አረጋግጡ፣ እርጥብ እንጨት ራሱ ውሃ ያወጣልና። ቫርኒሽ ከተቀባ ደግሞ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ወር አቆዩት። አዲስ ቫርኒሽና አዲስ እንጨት የሚያወጡት ሽታ ለብረት ጠላት ነው። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ምንም ሽታ ሲያጣ ዕቃውን አስገቡ።

ውስጡን በአቡጀዲ ልበሱት። አቡጀዲው መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠብና ይድረቅ፤ አዲስ ሲሆን ስታርች አለበት። ስታርች እርጥበት ይስባል፣ ነፍሳትም ይወዱታል። ከዚያ ከጫማ ካርቶን ያወጣችኋቸውን ከረጢቶች ጥግ ላይ አድርጉ። በየዓመቱ ለውጧቸው። ሩዝ የሚያደርጉ አሉ፤ ሩዝ እዚህ ግባ የሚባል እርጥበት አይስብም፣ ዱቄቱ ግን ይቀራል፣ ነቀዝም ይጠራል።

የጺም ብሩሽም ካለ ጸጉሩ በደንብ ይታጠብ፣ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይድረቅ፣ ለብቻው ይቀመጥ።

8. ታሪኩን ጻፉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ዕቃው ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ልጅ ግን የማን እንደሆነ አያውቅም። ጅማ ሙዚየም ገብታችሁ ከአባ ጅፋር የግል ዕቃዎች ፊት የምትቆሙት የማን እንደሆኑ ስለምታውቁ ነው። የአባታችሁም መላጫ የሚነግርለት ሰው ይፈልጋል።

አንድ ወረቀት ይበቃል። በእርሳስ ጻፉ። ቢክ ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛል፣ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል፤ እርሳስ ግን ይቆያል። እነዚህን አትርሱ፦

- የባለቤቱ ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ እና ለጻፈው ሰው ምኑ እንደሆነ
- ከየት እንደገዛው ወይም ማን እንደሰጠው
- መቼ መቼ ይላጭ እንደነበር፣ የት ተቀምጦ፣ በየትኛው መስታወት
- አሁን ማን ተረከበው፣ በስንት ዓ.ም.

ዓመት ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትተዉ። የልጅ ልጆቻችሁ ውጭ አገር ሊያድጉ ይችላሉ። ያልተለየ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታቸዋል።

ሰውየው በሕይወት ካሉ ደግሞ ከራሳቸው አፍ ቅዱት። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡና ቡና ሲፈላ መላጫውን በእጃቸው ስጧቸው። «ታሪኩን ይንገሩን» አትበሉ፤ ብዙ ሽማግሌ እንዲህ ሲባል ይዘጋል። ትንሿን ነገር ጠይቁ። «አባባ፣ ውሃውን በምን ነበር የሚያሞቁት?» እኔ አንድ አዛውንት ይህን ጠይቄያቸው እስከ በረካ ድረስ አወሩ። መላጫውን በያዘ እጃቸው አየሩ ላይ ጉንጫቸውን እንዴት እንደሚላጩ እያሳዩ። ያንን እንቅስቃሴ በቪዲዮ ያዙት፤ በጽሑፍ አይያዝም።

9. አስረክቡ

ወራሹ ከሞት በኋላ ሻንጣ ውስጥ ከሚያገኘው ከእጅ ወደ እጅ ቢቀበለው እመርጣለሁ። ሲቀበል ሦስት ነገር እዚያው አሳዩት፦ እንዴት እንደሚፈታ፣ በምን እንደሚቀባ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ። አንድ ጊዜ ራሱ ፈትቶ ይግጠመው።

ልጆቹ ብዙ ከሆኑስ? ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ባለሦስት ክፍሉን መላጫ ሦስት ወንድማማቾች ክዳን፣ ሳህንና እጀታ አድርገው የተካፈሉበት ቤት አውቃለሁ። በፍቅር ነው ያደረጉት። ሳህኑ ግን ቤት ሲቀየር ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ የቀሩት ብሎን ያለው ቁራጭ ብረት ሆኑ። መላጫውን አትከፋፍሉ። ይልቅ አብረውት የነበሩትን ዕቃዎች አከፋፍሉ። አንዱ መላጫውን፣ አንዷ መስታወቱን፣ ሌላው ብሩሹን ወይም የሳሙና ሳህኑን ይውሰዱ። ወረቀቱ ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ ይገልበጥና ማን ምን እንዳለው ይጻፍበት። ሴት ልጅ መላጫውን ብትወስድ ምንም የሚከለክል ነገር የለም፤ የሚወረሰው ለመላጨት አይደለም።

ወደ ውጭ አገር የሚወስድ ካለ፣ ታጣፊ ምላጭም ሆነ ልቅ ምላጭ በእጅ ሻንጣ አይገባም። በፍተሻ ይወሰድበታል። በሚጫነው ሻንጣ፣ ስለቱ በወረቀትና በፕላስተር ተሸፍኖ ይግባ።

10. በዓመት ሁለት ጊዜ ክፈቱት

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ አንድ ጊዜ። ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ ሌላ ጊዜ። ክፈቱ፣ እዩ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ፣ ብረት ካለው ቫዝሊኑን አድሱ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ ዝገት ቀይ ነጥብ ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ በዚያ ጊዜ በጨርቅ ይጠረጋል። ለሦስት ክረምት ሳይታይ ከቆየ በቡሽም አይነሳም።

ተደጋግመው የሚመጡልኝ ስህተቶች

ሎሚና አቼቶ። አሲድ ናቸው። አረንጓዴውን ያነሳሉ፣ ኒኬሉንም አብረው ይወስዳሉ።

በረኪና። «ጀርም ይግደልልኝ» ብለው የሚነክሩ አሉ። ብረት ላይ በሰዓታት ውስጥ ዝገት ያስነሳል።

አመድና የመፈተጊያ ሽቦ። የእኔ ስህተት ነበር፤ ነግሬያችኋለሁ።

ቤኪንግ ሶዳ አሉሚኒየም ላይ። ያጠቁረዋል።

ፌስታል። ሰው የሚያስበው ከውሃ ይከላከላል ብሎ ነው። ፌስታል ውስጥ የነበረውንም እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ዝገው ከሚመጡልኝ መላጫዎች ብዙዎቹ ፌስታል ውስጥ የነበሩ ናቸው።

የቆዳ ከረጢት። ያምራል፣ ግን ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም ኬሚካል ብረት ይበላል። ቆዳው የመጀመሪያ ማስቀመጫው ከሆነ አትጣሉት፤ አጠገቡ ለብቻው አስቀምጡት።

ላስቲክ ማሰሪያ። ውስጡ ድኝ አለ፣ ነሐስና ብር ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። በአቡጀዲ ቁራጭ እሰሩ።

ናፍታሊን። ለልብስ ይሁን፤ ትነቱ አንዳንድ ፕላስቲክ ያለሰልሳል።

ስም ማስቀረጽ። የእጀታው ነሐስ ስስ ነው፣ ብዙው ደግሞ ክፍት ነው፤ ማሽኑ ይበሳዋል። ስሙን የዋንዛው ሳጥን ላይ አስቀርጹ።

«ልጠቀምበት እችላለሁ?»

ምላጭ የሚገባበት ከሆነ አዎ። መላጫው በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የክዳኑ ጠርዝ ካልጎበጠ አዲስ ምላጭ አስገቡና ተጠቀሙበት። ሁለት ስለት ያለው ምላጭ ዛሬም በየሱቁ ይሸጣል። ምላጩ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። ወንድማማቾች በአንድ መላጫ የሚጠቀሙ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱን ምላጭ ያስገባ፣ መላጫውም በመካከል በሳሙና ይታጠብ። ዘይትና ቫዝሊን የተቀባው ክፍል ቆዳ ከመንካቱ በፊት በላርጎ ይለቅ።

ታጣፊው ላይ ግን መልሴ አይ ነው። ስለቱ ራሱ ነው ደም የነካው፤ አይቀየርም። ቤት ውስጥ ባለን ነገር ደግሞ ብረቱን ሳናበላሽ በአስተማማኝ ልናጸዳው አንችልም። እሱ በሳጥኑ ይቀመጥ። ተዘርግቶ እንጂ ታጥፎ አይሁን፣ ስለቱም ወደ ግድግዳው በኩል ይዙር።